ንቡ ጥሎት የሄደ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

አንድ ንብ አናቢ ነበረ፤ ትርሲት፣ አንቺ ዛሬ የጠየቅሽኝን እሱም በዘመኑ ጠይቆታል። ቆይ፣ መጀመሪያ ጥያቄሽን ልድገመውና በትክክል ሰምቼሽ እንደሆነ አረጋግጪልኝ። «ጋሼ፣ ፖድካስት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ የሚሰሙኝ ግን የሚያውቁኝ ብቻ ናቸው። የማያውቀኝ ሰው በስልኩ ሲፈልግ እኔ ጋ እንዲደርስ ምን ላድርግ? ደግሞስ እንድገኝ ብዬ መሯሯጥ ራስን ገበያ ማውጣት አይሆንም ወይ?» ነው ያልሽኝ። አዲስ ሰው ካልመጣልኝ አቆመዋለሁ ያልሽውንም ሰምቻለሁ። እንግዲያውስ ተረጋግተሽ ስሚኝ። ተማሪዬ ሳለሽ እንደምታደርጊው መሀል ላይ አታቋርጪኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ካቋረጡኝ መነሻው ይጠፋብኛል።

ይህ ሰው የንብ ነገር የሚያውቅ ሰው ነበር። የሚያውቅ ስልሽ ዝም ብዬ አይደለም። ቀፎ ደጃፍ ላይ ጆሮውን ጣል አድርጎ መንጋው ርቦት እንደሆነ፣ አውራዋ ሞታ እንደሆነ፣ ጉንዳን ገብቶ እንደሆነ ይለያል። በእሱ ግቢ አንድም ቀፎ ባዶውን ቀርቶ አያውቅም። እውቀቱን ያገኘው ከአባቱ ነው። አባትየው ግን ሲበዛ ዝግ ሰው ነበሩና ገሚሱን ለገዛ ልጃቸው እንኳ ሳይነግሩ ይዘውት ተቀበሩ። የቀረውን ገሚስ ልጅየው በስንት ስህተትና በስንት ንድፊያ ራሱ ሞላው። ስለዚህ አባቱን ቀብሮ ሲመለስ አንድ ነገር በልቡ ቆረጠ፤ እኔ የማውቀውን ይዤ አልሞትም፣ ለፈለገው ሁሉ በነጻ እነግራለሁ አለ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአጥሩ ውጪ ባለው ዋንዛ ሥር እየተቀመጠ አንድ አንድ ጉዳይ ያስተምር ጀመር። ሥራውን የዋዛ አላደረገውም፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስብበት ይሰነብታል። አንድ ድክመት ግን ነበረበት። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ በመሀል የተወ ሰው ነውና፣ ያማረ ቃል ሲያገኝ ራሱን መግዛት አይችልም። ለትምህርቱ ከሚጨነቀው ይልቅ ለትምህርቱ ስም የሚጨነቀው ሊበልጥ ምንም አልቀረው። ጉባኤውን ራሱን «የማለዳ ዝማሬ» ብሎ ሰየመው፤ የሚሰበሰቡት ከሰዓት በኋላ ሆኖ ሳለ። ጉንዳን ከቀፎ እንዴት እንደሚከለከል ያስተማረበትን ቀን «የጥቁሩ ሠራዊት ዘመቻ» አለው። ከሁሉ የሚኮራበት ግን ንብ ለምን ቀፎውን ጥሎ እንደሚኮበልል፣ እንዴትስ ማቆየት እንደሚቻል የተናገረበት ነበር። እሱን «የወርቅ ክንፎች ስንብት» አለው። ይህን ስም ያገኘ ዕለት ከደስታው ብዛት እራቱን እንኳ በወጉ አልበላም አሉ።

የሚመጡት እነማን ነበሩ? ወንድሙ፣ የሚስቱ አጎት፣ ጥቂት የቅርብ ጎረቤቶች፣ አንድ ደግሞ ጆሯቸው የማይሰማና ለጥላው ብለው የሚመጡ ሽማግሌ። ከሽማግሌው በቀር ሁሉም ንብ ማነብን ከእሱ ተምረው የጨረሱ ናቸው። ሲያስተምር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሲጨርስ ይመርቁታል፣ ይሄዳሉ። የእሱ ዓይን ግን መንገዱ ላይ ነበር። ከቆላ ወደ ገበያ የሚወጣው መንገድ ከዋንዛው እልፍ ብሎ ያልፋልና ሰው ይጎርፍበታል። አንድ እንግዳ ፊት ከመንገዱ ተገንጥሎ ወደ ዛፉ ቢመጣ ብሎ ይጠብቃል። አይመጣም። ክረምት ሄዶ ክረምት መጣ፤ ያው ወንድሙ፣ ያው አጎትየው፣ ያው የሚያንቀላፉት ሽማግሌ።

መጀመሪያ ሰውን ወቀሰ። ይህ ሕዝብ እውቀት አይወድም፣ ወሬ ቢሆን ተጋፍቶ ይመጣ ነበር እያለ ለሚስቱ ያማርራል። ሚስቱም እስቲ ወጣ ብለህ ንገራቸው ትለዋለች። እሱ ግን ይህን አይሞክረውም። በአገራቸው ባለሙያ ሙያውን በገዛ አፉ አይናገርም። ሌላ ሰው ያውራለት እንጂ ራሱ እንዲህ አውቃለሁ ካለ ጉረኛ ይባላል፤ ጉረኛ ከመባል ደግሞ ሰውየው በንብ ተነድፎ ቢያብጥ ይመርጣል።

ቆይቶ ግን አንድ መላ መጣለት። እኔ መናገር ነውር ከሆነ ሌላ ሰው ያውራልኝ አለና፣ አንድ አዝማሪ ፈልጎ በገበያ ቀን እንዲያወድሰው ተስማማ። አዝማሪው መቼም ሥራውን ያውቃል። ማሲንቆውን እየገዘገዘ የንብ አባት፣ የማር ጌታ እያለ ሰውየውን ሰማይ ሰቀለው። ገበያው ደመቀ፣ ጭፈራው ደራ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዋንዛው ሥር ቦታ ጠበበ። ሰውየው የሚይዝ የሚጨብጠው ጠፋው፤ ጉሮሮውን ጠራርጎ ትምህርቱን ጀመረ። የመጡት ጎረምሶች ግን ግራ ቀኝ ይቃኛሉ። ኋላ ከመሀላቸው አንዱ፣ ጠጁ መቼ ነው የሚቀዳው ብሎ ጠየቀ። ማር ማር ሲባል ሰምተው ድግስ መስሏቸው ነው የመጡት። ጠጅ እንደሌለ ሲረዱ አንድ በአንድ ሹልክ አሉ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ የቀሩት ያው የዱሮዎቹ ናቸው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ያን ቀን ገበያ ላይ የጨፈረ ሰው ንቡ አልጠፋበትም። ንቡ የጠፋበት ሰው ደግሞ ያን ቀን ለመጨፈር አልቆመም። ውዳሴው የደረሰው ለማይፈልገው ሰው፣ በማይፈልግበት ሰዓት ነው። ይህን ግን ያኔ አላሰበውም፤ ቅስሙ ተሰብሮ ቤቱ ገባና ለሚስቱ በቃኝ አላት። እስከ መስቀል ልየው፣ አንድ አዲስ ሰው ካልመጣ እኔም እንደ አባቴ አፌን ዘግቼ እሞታለሁ አለ። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ክው አለች። አባቱን በዚህ ነገር እንዴት ይወቅሳቸው እንደነበር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለምና።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ ራቅ ካለ አገር ዘመድ ሞቶባት ለቅሶ ሄደች፤ ቤት ውስጥም ዱቄት አለቀ። ወፍጮ ቤት መሄድ በእነሱ ዘንድ የሴትና የአህያ ነጂ ሥራ ነው። እሱን የመሰለ አባወራ እህል ይዞ ሲሰለፍ መታየት አያምርበትም። ወንዶቹ ወሬያቸውን ዛፍ ሥር፣ ጠላ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያወራሉ፤ ወፍጮ ቤት ምን እንደሚባል አንዳቸውም አያውቁም፣ ለማወቅም አይፈልጉም። እሱ ግን ጦሙን ማደር ስላልሆነለት አህያውን ጫነና ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ወረደ።

የወፍጮው ባለቤት ከሞተር ጋር ሲጯጯህ የኖረ፣ ለሰላምታ እንኳ የሚጮህ ሰው ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል፤ ተራው እስኪደርስም የቸገረውን ይጠይቀዋል። ባለወፍጮው ሊቅ አይደለም። ራሱ የሚያውቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ማን ምን እንደሚችል የነገሩትን ያስታውሳል እንጂ። ጥጃዬ አልጠባ አለ ሲሉት እከሌ ጋ ሂዱ ይላል፤ ጣራዬ ያፈሳል ሲሉትም እንዲሁ። ሰዉም ቃሉን ያምነዋል፤ እሱ ልኮት የተንከራተተ ሰው እምብዛም የለምና።

ሰውየው አንድ ጥግ ተቀምጦ ይህን ሲሰማ ቆየ። የአገሩ ጥያቄ ሁሉ የሚጠየቀው እዚህ እንደሆነ እስከዛሬ አላወቀም። በዚያ ሁሉ ዓመት እሱ መልሱን ይዞ ዛፍ ሥር ተቀምጧል፣ ጥያቄው ደግሞ እዚህ ዱቄት ለብሶ ተሰልፏል። ሌላም ያስተዋለው ነገር ነበር። ከጠያቂዎቹ አንዳቸውም የባለሙያ ስም አይጠሩም። ስሙን ቢያውቁት ቀጥ ብለው ቤቱ ይሄዱ ነበር፤ ምን ያስጠይቃቸዋል? የሚናገሩት ያመማቸውን ቦታ ብቻ ነው።

በዚህ መሀል ከቆላ የወጣች፣ ከል የለበሰች አንዲት ሴት ተራዋ ደረሰ። ስልቻዋን አስረክባ ባለወፍጮውን፣ «ወንድሜ፣ ንቡ እየጣለኝ ሄደ። ለምን እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ታውቅልኛለህ?» አለችው።

ባለወፍጮው ጥቂት አሰበና ንብ አውቃለሁ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም አላት። ከዚያ ትዝ አለውና፣ ከላይ ዋንዛው ሥር አንድ የሚሰብክ ሰውዬ አለ፣ ስለ ወርቅ ክንፍ ነው ምን፣ እሱ እንኳ የመላእክት ነገር መሰለኝ ብሎ ጨመረ። ንብ አናቢው ጋቢው ውስጥ ላብ አጠመቀው።

ሴቲቱ ዱቄቷን እየጠበቀች ለባለወፍጮው ታሪኳን ነገረችው። ባሏ ሲሞት የተወላት መሬት የለም፤ የተወላት ቀፎዎቹን ነው። ማሩን እየሸጠች ልጆቿን ታሳድግ ነበር። አምና አንዱ ቀፎ ባዶውን ቀረ፤ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። አሁን በግቢዋ ድምፅ ያለው አንድ ቀፎ ብቻ ነው። እሱም ከሄደ ልጆቿን ለየዘመዱ በትና ከተማ ሰው ቤት ልትቀጠር ነው። ከዚያ ስለ ዋንዛው ያነሳላትን አስታውሳ እንዲህ አለች።

«እነሱንስ አይቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ቀፎ የሄደብኝ ሰሞን ነው። ሰዎች ተሰብስበው ሳይ አህያዬን አቆምኩና ምንድን ነው እዚህ የሚባለው አልኩ። የወርቅ ክንፎች ስንብት ነው አሉኝ። ይሄ ደግ ነገር ይሆናል፣ ግን ለእኔ አይደለም፣ እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው ብዬ አለፍኩ።»

ሰውየው መጀመሪያ የመጣበት ንዴት ነው። ትንሽ ጠጋ ብለሽ ብትሰሚ ምን ነበረበት ሊላት ከአፉ ደርሶ ነበር። እሷ ግን ከጉያዋ አንድ የቅል ቁራጭ አወጣች። ውስጡ ከባዶው ቀፎ የቆረጠችው ሰፈፍ ነበር፤ ድር አድርቶበታል፣ ትል በልቶታል። አውቃለሁ የሚል ሰው ካገኘሁ ላሳየው ብላ ከገበያ ገበያ ይዛው ትዞራለች። ሰውየው ከተቀመጠበት ሆኖ ገና ሲያየው አወቀው። የዚያን ቅዳሜ ዛፉ ሥር የተናገረው ስለዚሁ ነበር። የነገራቸው ግን ለሚያውቁት፣ ለወንድሙና ለአጎትየው ነው። ነገሩ የሚያስፈልጋት ሴት ድምፁ ከሚሰማበት ስፍራ አህያዋን አቁማ፣ ጠይቃ፣ ነው ያለፈችው። ንዴቱ እዚያው ሟሟ። የቀረው ሐዘን ነበር፣ የሚወቅሰውም ከራሱ በቀር ሰው አላገኘም።

ጋቢውን ገለጥ አደረገና፣ «እኅቴ፣ ማሩን ስትቆርጪ ለእነሱ ምን ትተሽላቸዋል?» አላት።

ዞር ብላ አየችው። «ለንቡ? ለንብ ደግሞ ማር ይተዋል እንዴ?»

ባሏ በሕይወት ሳለ ማር ይቆርጥ የነበረው እሱ ነው፤ እሷ ከእሱ ሞት ወዲህ ነው የጀመረችው። ልጆቿን ለማብላት ብላ ቀፎውን ሙልጭ አድርጋ ትቆርጣለች። በበጋ አበባ ሲጠፋ ንቡ የሚበላው ያጣል፤ መንጋው ይሳሳል፤ የሳሳ መንጋ ሰፈፉን መጠበቅ አይችልምና ብል ይገባበታል፤ ያን ጊዜ ጥሎ ይሄዳል። ይህን እዚያው ዱቄት በሚቦንበት ቤት፣ ከሞተሩ ጋር እየጮኸ አስረዳት። ሌሎቹም ሴቶች ከበቡትና ሰሙት። ጨርሶም፣ ያቺ የቀረችው ቀፎ ሳትሄድ እንድረስባት፣ አሁኑኑ አብሬሽ እወርዳለሁ አላት።

ከመሄዱ በፊት ግን ወደ ባለወፍጮው ቀረበ። ነገሩ ሁሉ የዞረው እዚህ ላይ ነው፣ ትርሲት። ስለ ሙያው በገዛ አፉ ተናግሮ አያውቅም። በመጀመሪያ የመጣለትም ያው የሚወደው ስም ነበር፤ «የወርቅ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ከዚያ ሴቲቱ የጠየቀችበትን ቃል ራሱን አነሳ።

«ንቤ ለምን ጥሎኝ ሄደ ብሎ የሚጠይቅህ ሰው ሲመጣ፣ ምክንያቱንም መላውንም የሚነግርህ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ዋንዛው ሥር አለ በለው። ሰውየው እኔ ነኝ» አለ።

እኔ ነኝ የምትለው ቃል ስትወጣ ፊቱ በእፍረት ተለዋወጠ። ጉረኛ ያለው ግን የለም። እንዲያውም ከሴቶቹ አንዷ ስለ ጉንዳንስ ታስተምራለህ ወይ ብላ ጠየቀችው፤ እሱም ስለ ጉንዳንም አለ አላት። ባለወፍጮው ይህን ቀድሞ ማን ከልክሎዎት ነው በሚል ዓይን አይቶት ራሱን ነቀነቀ።

ሰው ነውና ነገሩ ሲቀለው ጊዜ ትንሽ ተንጠራራ። እግረ መንገድህን የታመመ በሬ ያለውንም ላክልኝ፣ የእህል ነቀዝም ቢሆን አላጣውም አለ። ባለወፍጮው እጁን ከስልቻው ላይ አንስቶ አየው።

«በሬ ያውቃሉ እንዴ?» አለ።

የንቡን ያህል አይደለም አለ ሰውየው።

«እንግዲያስ በሬውን ይተዉት። እርስዎ ጋ ልኬው ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ሁለተኛ እኔን አያምነኝም። እኔም ከዚያ ወዲያ የንቡንም አልልክልዎ።»

ሰውየው አፈር አለና የንቡን ብቻ አለ። ከሴቲቱም ጋር ወደ ቆላ ወረዱ።

ሲደርሱ ያ የቀረው ቀፎ ዝም ብሏል። ጠዋት ስትወጣ ድምፅ ነበረው፤ እሷ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ ሳለች ነው የሄደው። ሴቲቱ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ ያለቀሰው እሱ ነው። ከቀፎዎቹ አንዱን ሲገልጥ ብል፣ ሌላውን ሲገልጥ ጉንዳን፤ ሁሉም እሱ በሚያውቀው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲናገር በኖረው ነገር የጠፋ ነው። አህያዋን ያቆመች ዕለት የሚገባትን ቃል ሰምታ ቢሆን ኖሮ ይህ ግቢ ዛሬ በንብ ድምፅ የተሞላ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ለዚህ ማመካኛ አያጣም፤ እሱ ግን አልፈለገም።

አሮጌውን ሰፈፍ አውጥተው አቃጠሉት። ባዶውን ቀፎ በወይራ አጠኑት፣ ከሥሩም ለጉንዳን መከላከያ አመድ ነሰነሱ። ከዚያ ሰውየው ወደ ቤቱ ተመልሶ፣ ንብ ወደ ቀፎው በሚገባበት በመሸት ሰዓት ከገዛ ግቢው አንድ መንጋ ያለበት ቀፎ አፉን ከድኖ በትከሻው አወረደላት። ሴቲቱም ልጆቿን አልበተነችም። ያጣችውን ሁሉ አገኘች ልልሽ ግን አልችልም፤ በአንድ ቀፎ ነው እንደገና የጀመረችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የትምህርቱን ስም ለወጠው፤ «ንብ ለምን ጥሎ ይሄዳል፣ እንዴትስ ይቆያል» አለው። ወንድሙ ቅር አለው፤ የዱሮው ያምር ነበር አለ። ያምር ነበራ! እሱም ሲያወርደው ሆዱ ባብቷል። ደግሞ ጨርሶ አልጣለውም፤ ወደ ውስጥ አስገባው እንጂ። ሰዎቹ ከተቀመጡ፣ የሚፈልጉትን ካገኙ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ስለ ወርቅ ክንፎች ስንብት ይነግራቸዋል። ንቡ ጥሎት የሄደ ሰው ያኔ ቃሉ ይገባዋል፤ ዓይኑ እንባ ያቀራል።

የዚያ ቅዳሜ ሰው ብዙ አልነበረም። ኋላ ግን ማንም የማያውቀው አንድ ሰው የትል ሰፈፍ በቅጠል ጠቅልሎ ከመንገዱ ተገንጥሎ መጣ። ባለወፍጮው ልኮኝ ነው አለ። ከዚያ ሌላ መጣ። አንዳንዱ የፈለገውን ሰምቶ ይሄዳል፣ አይመለስም። አንዳንዱ ደግሞ ለንቡ መጥቶ ስለ ጉንዳኑም ሰምቶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሌላ ቦታ የማይገኝ ሰው ሆኖ ይቀራል። ሚስቱ ከለቅሶ ተመልሳ ዱቄት ሲያልቅ፣ ሰውየው እህሉን ቀድሟት ይጭን ጀመር። አንተ ሰውዬ፣ ሰው ምን ይላል ብትለው፣ እኔም እሱን ልሰማ ነው የምሄደው አላት።

እንግዲህ ትርሲት፣ ወደ አንቺ ልምጣ።

በስልክሽ ውስጥ ያለው መፈለጊያ ያ ባለወፍጮ ነው። ሊቅ አይደለም፣ ደግም ክፉም አይደለም። የነገሩትን ያስታውሳል፣ የሚጠይቀው ሲመጣ ያንኑ ይናገራል፤ በቃ። አንቺ ምን ነግረሽዋል? አባትሽን አልጋ ላይ ያስታመምሽበትን፣ በእንባ የተማርሽውን ሁሉ ለሌላ አስታማሚ ትናገሪያለሽ። ባለፈው ሰሞን ስለ ፖድካስትሽ ከነገርሽኝ ወዲህ ሁሉንም ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው አላውቅም። በሽተኛ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ ቁስል እንዴት እንደሚጠበቅ፣ አስታማሚው ራሱ ሲሰለቸው ምን እንደሚያደርግ። ግን ስሙን ምን አልሽው? «የዝምታ ክብደት»። ክፍሎቹን ምን አልሻቸው? ሰባተኛው «ነጭ ጨርቅ» ነው። ከሥሩ ስለምን እንደሆነ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍሽም። ያማረ ነው፣ አልካድኩም። ያ ስም የሚገባው ግን ሰምቶሽ ለጨረሰ ሰው ነው፤ የሚፈልግሽ ሰው ገና አልሰማሽም።

ራስን ገበያ ማውጣት አይሆንም ወይ ብለሽኛል። የሌለሽን አለኝ ብለሽ ብትጽፊ ይሆናል፤ በሬውን የጨመርሽ ዕለት ባለወፍጮውም ይታዘብሻል። ያለሽን፣ የተቸገረው ሰው በሚጠይቅበት ቃል ብትጽፊው ግን ምኑ ነው ገበያው? ስለ ራስሽ እኮ አይደለም የምትጽፊው፤ ስለ እሱ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እስከ አሁን ያልነገርኩሽ ጨክኜ አይደለም፣ ከብዶኝ ነው። አምና ባለቤቴ አልጋ ላይ ስትውል የማስታምማት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ሳገላብጣት ያየሁትን ስላላወቅኩት በዚህ ስልክ ላይ ጻፍኩ፤ መነጽሬን አድርጌ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለግኩ። የሚረባ ነገር አልመጣልኝም። እሷ የሞተችው በዚያ አይደለም፤ ግን ስትሠቃይበት ከረመች። ያንቺን «ነጭ ጨርቅ» ባለፈው ስሰማው መላው በሙሉ እዚያ ነበር። ቀኑን ሳየው ደግሞ እኔ ከመጻፌ በፊት የወጣ ነው። የገዛ ተማሪዬ እየነገረችኝ እኔ አልሰማኋትም፤ አጠገቧ ቆሜ አልፌያለሁ። አልወቅስሽም ልጄ፣ ማናችንም አላወቅንም። ዛሬ ግን አውቀናል፤ አሁንም እዚህ ተቀምጠን ስናወራ አንድ ሰው እየጻፈ ነው።

ስለዚህ አታቁሚው። ስልክሽን አውጪና የዚያን ክፍል ስም እዚሁ ፊቴ ቀይሪው። እኔ ያን ቀን የጻፍኩትን ልንገርሽ፣ እንዳለ አስገቢው፤ «ብዙ ተኝታ የቆየች ሚስቴ ጀርባዋ ቆሰለ፤ ምን ላድርግላት?»